አሮጌ አይሱዙ ውሃ ሲያጎድል፦ ፍሳሹን ግቢ ውስጥ ፈልጎ የማስተካከያ ዝርዝር መመሪያ

ጅማ ላይ ዕድሜው የገፋ አይሱዙ ያለው ሰው ስለ መኪናው ሲጠየቅ «ደህና ነው፣ ትንሽ ውሃ ይጠጣል እንጂ» ብሎ ያልፋል። ረዳቱ ጠዋት በጀሪካን ይሞላል፣ ማታ ይጎድላል፣ በማግስቱ እንደገና ይሞላል። የራዲያተር ውሃ ግን እየተሠራበት የሚያልቅ ነገር አይደለም። በዝግ መስመር የሚዞር ስለሆነ ጤነኛ ሞተር ላይ ከወር ወር መጠኑ እምብዛም አይለወጥም። ከጎደለ ወይ ወደ ውጭ ፈሷል፣ ወይ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ በጭስ ወጥቷል፣ ወይ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል። በየቀኑ መሙላት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። አዲስ ውሃ በገባ ቁጥር አዲስ አየርና አዲስ ማዕድን ይገባል፣ ብረቱ ከውስጥ ይዝጋል፣ የነበረው ኩላንትም (ውሃው ላይ የሚጨመረው ዝገት ተከላካይ ፈሳሽ) እየቀጠነ ይጠፋል።

ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ለአሮጌዎቹ የአይሱዙ ጭነት መኪናዎች፣ ለኤንፒአርና ለኤፍኤስአር፣ የተጻፈ ነው፤ ለአሮጌ ፒካፕም አብዛኛው ይሠራል። አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም፦ ፍሳሹን በዓይናችሁ ሳታዩ ዕቃ አትግዙ። ፖምፑ ነው ተብሎ ተቀይሮ፣ ራዲያተሩ ነው ተብሎ ተበይዶ፣ በመጨረሻ የላላ የቱቦ ማሰሪያ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከፍታውና ክዳኑ

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የብዙ ናፍጣ ሞተሮች ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋው ቫልቭ) ደግሞ መከፈት የሚጀምረው 82 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ ሞተር 90 ዲግሪ ቢደርስ ምንም ነውር የለበትም። ስለዚህ ግፊት መያዝ ያቃተው ራዲያተር ለመፍላት የሚቀረው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። 0.9 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የሚይዝ ደህና ክዳን ሲኖር ግን እዚሁ ጅማ ላይ ተራ ውሃ እንኳ እስከ 115 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። ኩላንት ሲጨመርበት ከዚያም በላይ ይሄዳል።

ጠብታ ብቻ የምታወጣ ቀዳዳ «ትንሽ ናት» ተብላ የማትናቀው ለዚህ ነው። የምትጎዳው በምታፈሰው ውሃ ሳይሆን በምታወርደው ግፊት ነው። ከተማ ውስጥ ከመርካቶ ሂርማታ ሲመላለስ ምንም ያልሆነ መኪና ጭኖ ከጊቤ በረሃ ሽቅብ ሲወጣ የሚፈላውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ክዳኑ አናት ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ 0.9 ወይም 1.1። አዲስ ስትገዙ ያንኑ ቁጥር ግዙ። ከፍ ያለውን ማድረግ ያረጀ ራዲያተርን ከማስጨነቅ በቀር ፍሳሽ አያቆምም። አሮጌውን ገልብጡና ላስቲኩን እዩ፦ ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም የአንገቱ ቅርጽ ጠልቆ ከታተመበት ጊዜው አልፏል። መሐሉ ላይ ያለችውን ትንሿን ቫልቭ በጥፍር ሳብ ስታደርጓት ተከፍታ በራሷ መመለስ አለባት። የራዲያተሩን አንገትም በጣት ዳሱት፤ ከንፈሩ ከተጣመመ ወይም ዝገት ካለበት አዲስ ክዳንም አይገጥምም። ከሁሉም ርካሹ ዕቃ ይህ ስለሆነ መጀመሪያ የሚመረመረው እሱ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሥራው የሚሻለው ቡና ከመድረሱ በፊት ነው። ከጥቅምት ጀምሮ መኪናው ጀንፈል ጭኖ ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከሰቃ ሲመላለስ ማንም ቆም ብሎ ማሰሪያ አያጠብቅም። ክረምት ላይ ከሆነ ግን ጣሪያ ያለው ቦታ ፈልጉ። በጅማ ዝናብ ሁሉም ነገር ርጥብ ስለሚሆን ከራዲያተር የመጣውን ጠብታ ከሰማይ ከመጣው መለየት አይቻልም።

መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ከጎማው ፊትና ኋላ ታኮ አድርጉ። ጋቢናውን ከገለበጣችሁ የመደገፊያው ዘንግ መቆለፉን ሳታረጋግጡ ጭንቅላታችሁን አታስገቡ። ሞተሩ ፈጽሞ እስኪበርድ ጠብቁ፤ ለጭነት መኪና አንድ ሰዓት አይበቃም፣ ማታ አቁሞ ጠዋት መጀመር ይሻላል። የላይኛውን ትልቁን ቱቦ ጨመቅ አድርጉት፤ ጠንከር ካለ ገና ግፊት አለ ማለት ስለሆነ ክዳኑን አትንኩ። ለብ ባለ ሞተር ላይ እንኳ ክዳኑ የሚከፈተው ወፍራም ጨርቅ ተደርቦ፣ እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ ዞሮ፣ ፉጨቱ እስኪያልቅ ተጠብቆ ነው።

ኩላንት ውስጥ ያለው ኤትሊን ግላይኮል መርዝ ነው፣ ጣዕሙም ጣፋጭ ነው፤ ውሻ ይልሰዋል፣ ሕፃን ይቀምሰዋል። የሚወርደውን በሰፊ ሳፋ ተቀበሉ። የምታጠራቅሙበት ጀሪካን ከቤቱ የመጠጥ ውሃ ጀሪካን ጋር እንዳይምታታ በትልቁ ጻፉበት። ቦይ ውስጥ የደፋችሁት አዌቱ ወንዝ ይደርሳል፣ ስለዚህ አትድፉት። ንጹሕ ከሆነ በጨርቅ አጥልላችሁ መልሳችሁ መጠቀም ትችላላችሁ።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም፦ ቁልፎች፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ባትሪ ወይም የሞባይል መብራት፣ ሶፍት፣ የሕፃን ፓውደር፣ መለኪያ ያለው የእግር መንፊያ።

ፍሳሹን መፈለግ

መጀመሪያ እስከ አንገቱ ሙሉ፣ ከራዲያተሩ ውጭ ባለው የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ ላይ የውሃውን ልክ በማርከር ምልክት አድርጉ። ከዚያ ሞተሩን በደረቅ ጨርቅ አብሱ። ዘይትና ጭቃ ካለ አጥባችሁ አድርቁ፤ የቆሸሸ ሞተር ላይ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። የደረቀ ፍሳሽ አሻራ ይተዋል፦ ኩላንት ከነበረ አረንጓዴ ወይም ቀይ ዱቄት፣ ተራ ውሃ ከነበረ ነጭ ቅርፊት ወይም የዝገት መስመር። አሻራውን ሁልጊዜ ወደ ላይ ተከተሉ። ጠብታው መሬት ላይ ያረፈበት ቦታና የወጣበት ቦታ አንድ አይደሉም፤ ውሃ ብረት ተከትሎ ይወርዳል፣ ፋኑም ወደ ኋላ ይበትነዋል።

በዓይን ካልተገኘ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ ግፊት መስጠት ነው። ጋራዥ ለዚህ የራሱ ፓምፕ አለው። ቤት ውስጥ ግን ክዳኑ ራዲያተሩ አንገት ላይ ላለ መኪና እንዲህ ማድረግ ይቻላል። ከአንገቱ ወደ ማጠራቀሚያው የምትሄደውን ቀጭን ቱቦ ንቀሉ። በቦታዋ ጠበቅ ያለ አጭር ቱቦ ሰክታችሁ በሌላው ጫፍ የቱብለስ ጎማ ቫልቭ አስገቡ፣ ሁለቱንም ጫፍ እሰሩ። ክዳኑን ዝጉና በእግር መንፊያ ቀስ እያላችሁ ንፉ። አየሩ በክዳኑ መሐል ባለችው ትንሽ ቫልቭ በኩል ወደ ራዲያተሩ ይገባል። ክዳኑ 0.9 ከሆነ 0.8 ባር ላይ አቁሙ፤ በሌላኛው መለኪያ 12 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ በኮምፕረሰር አታስነፉ። የመኪና ጎማ የሚሞላ ግፊት ራዲያተሩን በአንድ ጊዜ ይቀደዋል።

አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። መለኪያው ካልወረደ የውጭ ፍሳሹ ያን ያህል አይደለም። ከወረደ መጀመሪያ ክዳኑ ዙሪያ ጆሯችሁን አስጠጉ፤ ካፏጨ የላይኛው ላስቲክ ነው፣ ፈተናውን በደህና ክዳን ድገሙ። ከዚያ በመብራት ከላይ ወደ ታች ሂዱ፦ የቱቦ ጫፎች፣ የቴርሞስታት ቤት፣ የውሃ ፖምፕ፣ የራዲያተሩ የላይና የታች ማጠራቀሚያ መጋጠሚያ፣ የውሃ ማውረጃው፣ የሞተሩ ብሎክ ጎን። እጅ በማይደርስበት ቦታ በካቻቢቴ ጫፍ ሶፍት ጠቅልላችሁ አስነኩ፤ ወዲያው ይረጥባል። ለተጠረጠረ ስንጥቅ ፓውደር ነስንሱበት። ስትጨርሱ አስታውሱ፦ የመንፊያውን ቱቦ ብትነቅሉም ትንሿ ቫልቭ አየሩን ውስጥ አቆይታዋለች። ክዳኑን በጨርቅ፣ በቀስታ ክፈቱ።

አንድ ብዙ ሰው የሚረሳው ቦታ የሂተር ቱቦ ነው። በጅማ አየር ሂተር የሚከፍት ሹፌር ስለማይበዛ ቱቦዎቹ መኖራቸውም ይዘነጋል፤ ከጋቢናው ወለል ሥር ሆነው ግን እንደ ሌሎቹ እኩል ግፊት ይይዛሉ፣ እኩል ያረጃሉ። የረዳቱ እግር ሥር ምንጣፉ ከረጠበና መስታወቱ ጣፋጭ በሚሸት ጉም ከተሸፈነ ችግሩ ራሱ ሂተሩ ነው።

ቱቦና ማሰሪያ

አብዛኛው ፍሳሽ እዚህ ነው። ቱቦውን ጨመቅ አድርጉ። ጤነኛው ተጣጥፎ ይመለሳል፤ ያረጀው ወይ ደርቆ ይንኮሻኮሻል ወይ ዘይት ጠጥቶ ይልሰለሳል። ሁለቱም ይቀየራሉ። ጫፉ ብቻ ተሰንጥቆ ርዝመቱ የሚተርፍ ከሆነ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቆርጦ መግጠም ይቻላል።

ቱቦው በእጅ አልወጣ ካለ አትታገሉት። አሮጌ ራዲያተር አንገቱ ተቦርቡሮ የሳሳ ነው፣ አብሮ ይነቀላል። በምላጭ በርዝመቱ ሰንጥቃችሁ ላጡት። ቀጥሎ ያለው ሥራ ነው ውጤቱን የሚወስነው፦ የብረቱን አንገት በብርጭቆ ወረቀት ዝገቱና የድሮው ላስቲክ እስኪጠፋ አለስልሱ። በቆሸሸ አንገት ላይ የገባ አዲስ ቱቦ ያፈሳል፣ ከዚያ ሰው ዕቃው ፎርጅድ ነው ይላል። ቱቦውን ለማስገባት በኩላንት አርጥቡት፤ ግሪስ ላስቲክ ይበላል፣ ሲልከን ደግሞ ሲተርፍ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ራዲያተር ይዘጋል። ማሰሪያው መቀመጥ ያለበት ከአንገቱ ጉብታ በስተኋላ ነው፣ ጉብታው ላይ ወይም የቱቦው ጠርዝ ላይ አይደለም። አጥብቁ፣ ግን ላስቲኩ በቀዳዳዎቹ እስኪወጣ አይደለም። ሞተሩ አንድ ጊዜ ሞቆ ከበረደ በኋላ ደግማችሁ አጥብቁ።

በሽቦ ማሰር ይቅር። ሽቦ ቱቦውን ይቆርጠዋል፣ ዙሪያውንም እኩል አይዝም። መንገድ ላይ ለፈነዳ ቱቦ የሚሻለው የካላማዳሪያ ቁራጭ ነው፦ ጣት ስፋት ባለው ስስ ሪባን ቆርጣችሁ እየለጠጣችሁ ከስንጥቁ ወዲያና ወዲህ ደራርባችሁ ጠቅልሉ፣ ጫፎቹን እሰሩ። ግፊት እንዳይፈጠር ክዳኑን እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ ዝጉ። ግን ያን ጊዜ ውሃው በ94 ዲግሪ እንደሚፈላ አትርሱ፤ ቀስ ብሎ፣ እየቆሙ፣ እስከ ቅርቡ ከተማ ብቻ።

የውሃ ፖምፕ

ከፖምፑ ሆድ በታች ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ፋብሪካው ሆን ብሎ የተዋት ናት። የውስጡ ማኅተም ሲያልቅ ውሃው ኩሽኔታውን ሳያበላሽ በዚያች በኩል እንዲወጣ ነው። ደረቅ አሻራ ብቻ ካለባት ተከታተሏት። የምትንጠባጠብ ከሆነ ፖምፑ አልቋል። ቀዳዳዋን በማስቲሽ መድፈን ውሃውን ወደ ኩሽኔታው መላክ ነው፣ መጨረሻውም ፋኑ ተነቅሎ ራዲያተሩን መቁረጥ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ፋኑን ፊትና ኋላ ነቅነቅ አድርጉ፤ ከተንቀጠቀጠ ቀዳዳዋ ደረቅ ብትሆንም ይቀየር።

ለመቀየር ውሃውን አውርዱ፣ የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀሉ፣ ቺንጋውን አላሉ፣ ፋኑን አውጡ። የፖምፑ ብሎኖች ርዝመት ስለሚለያይ ካርቶን ላይ የፖምፑን ቅርጽ ስላችሁ እያንዳንዱን ብሎን በቦታው ሰኩት። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ገብቶ ብሎክ ሲሰነጥቅ ጥገናው ሌላ ታሪክ ይሆናል። የድሮውን ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መሐል ያለውን ማሸጊያ) ስትፍቁ ብረቱን አትጫሩ። አዲሱን ገጥማችሁ ብሎኖቹን መጀመሪያ ሁሉንም በእጅ፣ ከዚያ በመስቀል ቅርጽ ተራ በተራ አጥብቁ። ቺንጋው በሁለቱ ፑሊዎች መሐል በአውራ ጣት ጠንከር ተደርጎ ሲጫን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሰጥ ልኩ ነው። ከዚያ በላይ ከወጠራችሁት አዲሱን ኩሽኔታ ትገድላላችሁ።

ራዲያተሩ

ከመዳብና ከነሐስ የተሠራው የድሮው ዓይነት ይበየዳል። አሉሚኒየም ሆኖ የላይና የታች ማጠራቀሚያው ፕላስቲክ ከሆነ ግን መጋጠሚያው ላይ ያለ ስንጥቅ ቤት ውስጥ በዘላቂነት አይጠገንም፤ ኢፖክሲ ለጥቂት ጊዜ ይይዛል፣ ራዲያተር እስክትገዙ ድረስ ነው። የነሐሱን መበየድ ለለመደ ሰው ከባድ አይደለም፦ አውርዶ ማድረቅ፣ ቀዳዳው ዙሪያ ነሐሱ እስኪያበራ መፋቅ፣ የብየዳ አሲድ መቀባት፣ የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጡን በትልቅ ብየዳ ብረት አቅልጦ ማስጠጣት። ቅይጡ 190 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚቀልጥ እሳት ስታበዙ አጠገቡ ያለው የድሮ መጋጠሚያም አብሮ ይፈታል፤ በርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። ያልለመዳችሁ ራዲያተሩን ራሳችሁ አውርዳችሁ ለጠጋኝ ውሰዱ፣ የማውረጃና የመግጠሚያ ዋጋ ይተርፋችኋል።

የጅማ መኪና አንድ የራሱ ጣጣ አለው። ቡና መፈልፈያ ግቢ የሚውል መኪና የራዲያተሩ ክንፎች በገለባና በአቧራ ይደፈናሉ፣ ክረምት ጭቃው ያስረዋል። ከፊት ሲታይ ንጹሕ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ግድግዳ ነው። በዝቅተኛ ግፊት ውሃ ከሞተሩ ወገን ወደ ፊት እጠቡት። የመኪና እጥበት ማሽን ክንፎቹን ያጎብጣል።

እንቁላል፣ እርድ፣ በጠርሙስ የሚሸጥ ማደፈኛ ሲባል ትሰማላችሁ። ቀዳዳዋን የሚደፍን ነገር የራዲያተሩን ቀጫጭን መስመሮችና የሂተሩንም ይደፍናል። በረሃ መሐል ሌላ አማራጭ ለጠፋበት ሰው እረዳለሁ፤ ግቢው ውስጥ ቆሞ ለሚሠራ ሰው ግን ምክንያት የለውም።

ፍሳሹ ውስጥ ከሆነ

በውጭ ምንም ሳይታይ ውሃው ከጎደለ የዘይት መለኪያውን አውጡ። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ሞተሩን አታስነሱ። ዘይቱ ንጹሕ ሆኖ ራዲያተሩ ውስጥ ዘይት ከተንሳፈፈ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የዘይት ማቀዝቀዣው ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ የዘይቱ ግፊት ከውሃው ስለሚበልጥ ወደ ውሃው ይገፋል። በቀዝቃዛ ሞተር ክዳኑን ከፍታችሁ አስነሱና አንገቱን እዩ፦ አየሩ ወጥቶ ካለቀ በኋላም አረፋ መምጣቱ ካላቆመ፣ ወይም ሞተሩ ገና ሳይሞቅ የላይኛው ቱቦ ከደነደነ፣ ያፈሰሰው የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን ነው። ከማርሚታው የሚወጣ ነጭ ጭስም ምልክት ነው፣ ነገር ግን በጅማ እርጥብ ጠዋት ማንኛውም መኪና ሲነሳ ይተናል። ሞተሩ ሞቆም ካልቆመ ያኔ ነው መስጋት። ቴስታታ ማውረድ የፊቱን ቀጥታነት መለካትና ልክ ያለው ማጥበቂያ ይፈልጋል፤ ለባለሙያ ስጡት።

መሙላትና መሞከር

ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወርድ ድረስ ደጋግማችሁ እጠቡ። ጅማ ውሃ በረዶ ስለማይሆን ኩላንት አያስፈልግም የሚል ብዙ ነው። እዚህ የሚፈለገው ዝገት እንዲከላከል፣ የፖምፑን ማኅተም እንዲያለሰልስና የመፍሊያውን ነጥብ ከፍ እንዲያደርግ ነው። ያልተበረዘውን ከገዛችሁ ግማሽ በግማሽ በርዙ፤ ከዚያ በላይ ማወፈር ሙቀት የመሸከም አቅሙን ይቀንሳል። ሁለት ቀለም አትቀላቅሉ። ለመበረዣ ከሱቅ የሚሸጠው የተጣራ የባትሪ ውሃ ይሻላል፤ አሲዱን እንዳታነሱ ግን ጽሑፉን አንብቡ። ጅማ የማያጣው የዝናብ ውሃም ማዕድን ስለሌለው ከቧንቧና ከጉድጓድ ውሃ የተሻለ ነው፣ ጣሪያው በደንብ ከታጠበ በኋላ የወረደውን ተቀብላችሁ በጨርቅ ካጠለላችሁት።

የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገት አዙሩ፣ የሂተሩን ማዞሪያ ሙቅ ላይ አድርጉ፣ ቀስ ብላችሁ ሙሉ። የላይኛውን ቱቦ እየጨመቃችሁ አየሩን አስወጡ። ክዳኑን ሳትዘጉ አስነሱ፤ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው በድንገት ይወርዳል፣ ያኔ ጨምሩና ዝጉ። ሰው «ቴርሞስታቱን ነቅለህ ጣለው» ቢላችሁ እሺ አትበሉ። ሞተሩ በቂ ሙቀት ሳያገኝ ይሠራል፣ ነዳጅ ያበዛል፣ በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ውሃው ራዲያተሩን ሳያይ በአቋራጭ ይመለሳል።

ለሙከራ ባዶውን ወደ ጅሬን፣ እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ውጡና ተመለሱ። ዳገቱ ሞተሩን ያሠራዋል፣ አንድ ነገር ቢፈጠርም ከቤት ሩቅ አይደላችሁም። የሙቀት መለኪያው ከተለመደው በላይ ከሄደ ቁሙ፤ የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ቴስታታ ይሰነጥቃል። ማታ በርዶ ሲያድር ማሰሪያዎቹን ደግማችሁ አጥብቁ፣ ጠዋት ከማስነሳታችሁ በፊት የማርከሩን ምልክት እዩ። የመጀመሪያው ሙከራ ላይ አየር ስለሚወጣ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ አንዴ ሞልታችሁ ምልክቱን አድሱ። ከዚያ በኋላ ከጎደለ ወደ መንፊያው ተመለሱ። ኩላንቱን ደግሞ በሁለት ዓመት አንዴ ቀይሩት፤ ቀለሙ ባይጠፋም ዝገት የሚከላከለው ኬሚካል እየደከመ ይሄዳል።